የጄኔራሉ ቀኝ ዓይን

በዓይን ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከካርድ ክፍሉ አለፍ ብሎ፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ላይ «ስካን» ተብሎ ተጽፏል። ውስጧ አንድ ማሽን፣ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበርና አንዲት ሴት አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ለሆስፒታሉ በጣም የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነ አለቆች ቢጠየቁ ማሽኑን ይጠቁማሉ። ሴትዮዋ ከተጠየቀች ግን ራሷን ነው የምትጠቁመው፤ ያውም ጥያቄው ሳያልቅ።

ስሟን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ «አይርገብገቡ» ይላታል፤ በቀን ስልሳ ጊዜ ከአፏ የሚወጣው ቃል እሱ ስለሆነ። «አገጭዎን እዚህ፣ ግንባርዎን እዚያ፣ አረንጓዴዋን ነጥብ ይዩ፣ አይርገብገቡ!» ስትል ሰዎች ከድንጋጤ የተነሳ ትንፋሻቸውን ጭምር ይይዛሉ። ሦስት መቶ ተማሪ በአንድ ቁጣ ጸጥ የሚያሰኝ አንድ ርእሰ መምህር፣ እሷ ፊት አገጩን አስደግፎ «ይቅርታ» ሲል ተሰምቷል። ስለ ምን ይቅርታ እንደጠየቀ እሱም አያውቅ፣ እሷም አላብራራችለትም።

ማሽኑ የዓይንን የኋላ ግድግዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ እየገለጠ ፎቶ የሚያነሳ ነው። ፎቶውን ካነሳ በኋላ፣ እንደ ክፉ አስተማሪ፣ ጥጉ ላይ ከአሥር ነጥብ ይሰጣል። ዘጠኝ ካለ ሥራው ያማረ ነው። ከስድስት በታች ከሆነ ፎቅ ላይ ያለችው የሬቲና ሐኪም መነጽሯን እንኳ ሳታስተካክል ከመሳቢያዋ አንድ ቀይ ማኅተም ታወጣና ወረቀቱን ትመታዋለች፤ «ይደገም»። ሐኪሟ ንግግር የማታበዛ ሴት ስለሆነች ያ ማኅተም ግማሽ አንደበቷ ነው። ይሁን እንጂ የአይርገብገቡን ሥራ መትቶ አያውቅም ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት አንዴም! ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ሆስፒታሉ ውስጥ የለም፤ ያላወቀ ካለም እሷ በሻይ ሰዓት ታሳውቀዋለች።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ መልክ ሲኖር፣ ዳይሬክተሩ ለሦስት ቀን ሥልጠና ሄዶ ተመለሰ። ዳይሬክተሩ የዓይን ሐኪም አይደለም፤ የጥርስም አይደለም፤ በሙያው የሚያውቀው አካል ቢኖር የሰው ጆሮ ነው፣ እሱም ንግግር የሚያፈስበት ስለሆነ። ከሥልጠናው አንድ ቦርሳ፣ አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ መፈክር ይዞ መጣ። ሐኪም ቢጎድል መድኃኒት ቢጠፋ መፈክር ካለ ሆስፒታል ይቆማል ብሎ የሚያምን የአለቃ ዘር አለ፤ እሱ የዚያ ዘር አበባ ነው። በማግስቱ ዋናው በር ላይ የአምስት ሰው ቁመት የሚሆን ጨርቅ ተሰቀለ፤ «ዓይን አይተኛም!» ዓይን እንደሚተኛ፣ እንዲያውም ከሰውነት ሁሉ ቀድሞ የሚተኛው እሱ እንደሆነ፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሕፃን ግን ሥልጠና አይላክም።

ትርጉሙ የስካን ክፍሉ ከእንግዲህ ሌሊትም ይሠራል ማለት ነበር፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ ሁለት ሰዓት፣ ቀን መምጣት ለማይችሉ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ ሾፌሮችና ዘበኞች። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። ክፉ የሆነው ቀጥሎ የመጣው ነው። አንዲት አዲስ ባለሙያ ስለነበረች ዳይሬክተሩ «ሌሊቱን ተካፈሉት» አለ። አይርገብገቡ አፍንጫዋን ነፋች።

«ማሽኑን በሌሊት ለጀማሪ አልሰጥም። ጠዋት አኩርፎ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ስድስቱንም ሌሊት አንቺ ልትሠሪ?»

«ሰባት ካሉም ሰባት!»

ትዕቢት ፎርም ቢኖረው ኖሮ ያን ቀን በሦስት ኮፒ ሞልታ በፈረመችለት ነበር።

አሁን ስለ ጄኔራሉ ዓይን መናገር ግድ ይላል። የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ አንድ ጥብቅ ትእዛዝ አለው፤ በየቀኑ፣ በአንድ በተወሰነ ሰዓት፣ የአንድ ሰው ጤነኛ ዓይን ይነሳና ነጥቡ መዝገብ ላይ ይስፈር። ነጥቡ ከዓመት ዓመት ካልተለወጠ ማሽኑ ደህና ነው፤ ከወረደ ግን ማሽኑን አንድ ነገር ነክቶታል። ለዚህ ክብር የተመረጠው የዋናው በር ዘበኛ ነበር። ሽማግሌው ባለ ነሐስ ቁልፍ ካፖርት ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ ሰላምታ ስለሚሰጥ «ጄኔራል» ነው የሚባለው። ቀኝ ዓይኑ ለአራት ዓመት ያለ ማወላወል ዘጠኝ ስታመጣ ኖራለች። ጄኔራሉ ይህችን ዓይን እንደ ሹመት ነው የያዛት። በሽተኞች በር ላይ ሲያማርሩ «ይህ ሆስፒታል የሚያየው በእኔ ዓይን ነው፤ ቀስ እያላችሁ!» ይላል። ግራ ዓይኑን በተመለከተ አስተያየት የለውም።

የሌሊቱ ሥራ ሲጀመር በሩም ጠባቂ ያስፈልገዋልና ጄኔራሉ ወደ ሌሊት ተዛወረ። የፍተሻው ሰዓት ግን እንደ ወትሮው ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆኖ ቀረ። ያው ዓይን፣ ያው ማሽን፣ ያው ሰዓት።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት የጄኔራሉ ዓይን ስምንት አመጣች። በሦስተኛው ሰባት፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ አምስት።

«ምን አለ?» ይላል ጄኔራሉ አገጩን ሳያነሳ።

«አምስት።»

«ከስንት?»

«ከስንት ይመስልዎታል ጄኔራል፣ ከአምስት?»

ጄኔራሉ ፊሽካውን ያሻሻል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ በሆስፒታሉ ዓይን መፎከሩን ተወ።

የበሽተኞቹም ሥዕሎች ተከትለው ወረዱ። አንድ ማክሰኞ ከፎቅ የወረደ ወረቀት ላይ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀዩ ማኅተም ታየ። አይርገብገቡ ሐኪሟ ተሳስታ የሌላ ሰው ሥራ የላከች መስሏት ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። ጀርባውም የእሷ ነበር። በዚያ ሳምንት ሦስት ተመለሱላት፤ በቀጣዩ አሥራ አንድ።

ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ፤ ጥፋተኛ በመፈለግ ደግሞ እሷን የሚያህል አይገኝም። መጀመሪያ በሽተኞቹን ከሰሰች። «የሌሊት በሽተኛ ዓይን ነው ወይስ አሸዋ ነው ይዞ የሚመጣው?» አለች። በእርግጥ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አገጩን እንዳስደገፈ እንቅልፍ ወስዶት፣ ሲያንኮራፋ ማሽኑ ራሱ ከጠረጴዛው ጋር ተንቀጥቅጧል። ሰው አገጩን የሚደግፍለት፣ ግንባሩን የሚይዝለት፣ ክፍሉንም የሚያጨልምለት ሌላ ቦታ በዓለም ላይ ስለሌለ አይፈረድበትም። ቀጥላ ማሽኑን ከሰሰች፤ እዚህ ላይ ምስክርም አላት። «ይኸው መዝገቡ! የጄኔራሉ ዓይን አልተለወጠችም፤ ነጥቡ ግን ወርዷል። የታመመው ማሽኑ ነው» እያለች መዝገቡን በብብቷ ይዛ ፎቅ ለፎቅ ዞረች።

መሐንዲስ ተጠራ። በእኩለ ቀን መጣ፣ ፈታ፣ ጠረገ፣ ገጠመ፣ በራሱ ዓይን ሞከረ፤ ዘጠኝ። «ማሽኑ ከእኔ ይሻላል» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ጄኔራሉ ተቀመጠ፤ አምስት። «አያችሁ? ሰው ሲያየው ጤነኛ ይመስላል፤ ከእኔ ጋር ሲቀር ነው የሚያመው» አለች።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ የሬቲና ሐኪሟ ራሷ ወደ ምድር ቤት ወረደች። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። የአንድ ዳቦ ጋጋሪ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ይህች ጠቆር ያለችው ምንድን ናት?»

«ጥላ ትሆናለች ዶክተር።»

«ሁለቴ አንስተሽዋል። ሁለቴም አለች።»

«እንግዲያው... አለች ማለት ነው።»

«ውሃ ቋጥሮ ይሆናል። ማክሰኞ ዓይኑ ውስጥ መርፌ ልወጋው ነው» አለችና ወደ በሩ ዞራ፣ «በዚህች ላይ ተመሥርቼ» ብላ ወጣች።

አይርገብገቡ ስለ መርፌው ብዙ አላሰበችም። ያሰበችው ወረቀቱ ላይ ስላለው ቀይ ቀለም ነበር።

ዳይሬክተሩ በበኩሉ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴ ማቋቋም እንደ ማዛጋት ነው፤ አንዴ ከጀመረው አያቆመውም። አምስት አባላት ነበሩት፤ ከሐኪሟ በቀር ማሽኑን አይቶ የሚያውቅ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በሩ ተከፍቶ ሲያልፍ ነው። ዳይሬክተሩ አይርገብገቡን ጠርቶ ጣቶቹን አንድ ላይ ገጠመ።

«ነገሩ ቀላል ነው። ወይ ማሽኑ ታሟል፣ ወይ አንቺ። ማሽኑ ከሆነ ታሽጎ ወደ ፋብሪካው ይሄዳል፤ ስድስት ወር ይቆያል። አንቺ ከሆንሽ ካርድ ክፍሉ ሰው ጎድሎታል። ዓርብ እንወስናለን።»

«ማሽኑ ነው» አለች ሳትተነፍስ።

ካርድ ክፍል! ጎኗ ያለችው ክፍል ናት፤ ግን ከስካን ክፍሉ ወደዚያ መሄድ ለእሷ ከፈረስ ወርዶ ኮርቻ መሸከም ነው። አቧራ የጠገበ ፋይል፣ የጠፋ ፋይል፣ የሌላ ሰው ፋይል ውስጥ የተገኘ ፋይል። እዚያ ውስጥ የሚርገበገብ ነገር እንኳ የለም።

ቤቷ ደግሞ ለቀን እንቅልፍ የተሠራ ቤት አይደለም። በግድግዳው ወዲያ አናጺ አለ፤ መጋዙ የሚነሳው እሷ ስትጋደም ነው፤ የተቀጣጠሩ ይመስላሉ። በግድግዳው ወዲህ አማቷ አሉ። አማቷ ክፋት የለባቸውም፤ ያለባቸው አሳቢነት ነው፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። በእሳቸው እምነት ፀሐይ እያለ የተኛ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሊታመም ነው። አራት ሰዓት ላይ በሩን በአንድ ጣት ያንኳኳሉ።

«ልጄ... ተኝተሻል?»

«አዎ እማማ።»

«ተኚ፣ ተኚ። እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው በቀስታ ያንኳኳሁት።»

አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ተመልሰው «አሁንስ ወሰደሽ?» ይላሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ሾርባ ይመጣል። ስምንት ሰዓት ላይ «ራስሽን እንዳያምሽ» ተብሎ መጋረጃው ይከፈታል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ደግሞ አያታቸው «እናታችሁ ተኝታለች፣ ዝም በሉ!» እያሉ መንደሩ እስኪሰማ ይጮኹባቸዋል። እንዲህ ተቆራርጦ ተቆራርጦ የሚገኘው እንቅልፍ ቢጠራቀም ሦስት ሰዓት አይሞላም።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ነገር በአጭሩ ይቆርጣል።

«እኔ ዓይኔ ከከበደኝ መኪናዬን ዳር አቆማለሁ። አንቺ ዳሩን የት ነው ያደረግሽው?»

«እኔ አልደከመኝም።»

«ይኸው ሻዩን ጨው ጨምረሽበታል።»

«ማሽኑ ነው» አለች። ከአፏ ያመለጠው ነገር ገብቷት ራሷም ደነገጠች፤ ግን ስኳር ዕቃውን ጠጋ አደረገች።

ረቡዕ ዕለት አንድ ነገር ሆነ። የአማቷ ልጅ አርግዛ መተኛት አቃታት ተባለና እማማ ሊያስተኟት ሄዱ፤ ምስኪን ሴት። አናጺውም መጋዙ ተሰብሮበት ገበያ ወጣ። አይርገብገቡ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኝታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትነቃ፣ ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ ሁሉም ጥለዋት የጠፉ መስሏት ነበር። ወደ ሥራ ገባች። ያን ሌሊት ማሽኑ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አንዴም አሥር እየሰጠ አደረ። «ገባው! ዓርብ እንደሚታሸግ ሰምቶ ነው» አለች ማሽኑን መታ መታ እያደረገች።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጄኔራሉ ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። አምስት።

እንደገና አነሳችው። አምስት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያመሰግናት ያደረ ማሽን አንድ ሽማግሌ ሲያይ ልቡ የሚዞረው ለምንድን ነው? ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የጠገበ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ አየች። የጄኔራሉ ዓይን ላይ መኖር የነበረበት ቀጭን እንባ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል። ዓይኑም አረንጓዴዋን ነጥብ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይንሸራተታል፣ ደግሞ ደንግጦ ይመለሳል።

«ጄኔራል፣ መቼ ነው የተኙት?»

«ተረኛ ሆኜ? እኔ? ሰው እንዲህ ብሎ ስም ያጠፋል?»

«ቤትዎ ነው የምልዎት!»

«እ... ቤት።» ጄኔራሉ ድምፁ ወረደ። «የልጅ ልጆች አሉ አይደል። ቀን ቀን አያት ፈረስ ነው ብለው ያምናሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ብተኛ ነው... እሱም ተቀምጬ... እንዲያው አንዳንዴ ይህች ያንቺ ማሽን አገጭ ስትይዝልኝ...»

አረፍተ ነገሩ እዚያው ቀረ። ጄኔራሉ አገጩ ማሽኑ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

አይርገብገቡ ልትቀሰቅሰው እጇን ዘርግታ መለሰችው። መዝገቡን ገለጠች። የዱሮው ገጽ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ዘጠኝ። የአሁኑም ገጽ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አምስት። መዝገቡ ሰዓት የሚጻፍበት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ ስም፣ ፊርማ፣ የፈራሚ ኃላፊነት ሁሉ አለው። ሰውየው ከአልጋ ነው ወይስ ከበር የመጣው የሚል ዓምድ ግን የለውም። ዱሮ በዚያ ሰዓት ጄኔራሉ ፊቱን ታጥቦ ሥራ ሊጀምር ነበር የሚመጣው፤ አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ካደረ በኋላ ነው። አንድ ሆስፒታል ሙሉ፣ ሐኪሟ፣ መሐንዲሱ፣ ኮሚቴው፣ እሷም ከነአሥራ አንድ ዓመቷ፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይን ማሽን ሲመረምሩና ማሽኑን ታመመ ሲሉ ከርመዋል!

ጄኔራሉን ቀስ አድርጋ በሁለተኛው ወንበር ላይ አጋደመችው፤ ካፖርቱን አለበሰችው፤ የቀን ተረኛዋን ጀማሪ «ሁለት ሰዓት ታገሺኝ» ብላ በሩ ላይ ቆመች። ሰው ሊገባ ሲል ጣቷን አፏ ላይ ታደርጋለች። ዘበኛ የሚጠብቅ ሰው በዚያ ግቢ ታይቶ አያውቅም። ጄኔራሉ ሲነቃ ሁለት ጠብታ አደረገችለትና አነሳችው። ዘጠኝ።

«ስንት አለ?»

«ዘጠኝ ጄኔራል!»

«ዓይኔ ተመለሰች?»

«የትም አልሄደችም። ተኝታ ነበር።»

ጄኔራሉ ፊሽካውን ሊነፋ ሲል እጁን ያዘችው።

ደስታዋ እስከ በሩ እንኳ አላደረሳትም። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ፣ አሥራ አንዱን ወረቀት ማን አበላሸው? ሁሉም በሽተኛ እንደ ጄኔራሉ እንቅልፍ አላጣም። ቁጭ ብላ የተመለሱላትን ሥዕሎች አንድ በአንድ ከማሽኑ ማኅደር አወጣች። ማሽኑ በእያንዳንዱ ላይ ሰዓቱን ይጽፋል፤ አሥራ አንዱም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የተነሱ ናቸው። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ለመንገድ በማለዳ ሊወጣ ሲል፣ ጠግቦ ተኝቶ የመጣ፣ ዓይኑ እንደ ብርጭቆ የጠራ ሰው። ሥዕሉ ግን በቀኝ በኩል ተቆርጧል፤ ዓይኑ ሳይረጋ ነው ቁልፉን የተጫነችው። ሌላው ደብዝዟል፤ ማስተካከያውን ሳትነካ ከፊተኛው በሽተኛ ላይ ቀጥላበታለች። ከዚያ አራት ሥዕሎች ተከታትለው መጡ። አራት የማይተዋወቁ ሰዎች፤ ሁሉም ዓይን ላይ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ጠቆር ያለች ነገር። የመጨረሻው የዳቦ ጋጋሪው ነበር።

አራት ሰዎች አንድ ዓይነት ሕመም፣ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ሌሊት አይዛቸውም። ቢይዛቸውም የአውራ ጣት ቅርጽ አይኖረውም።

ፎቶዎቹን ደግማ አየች፤ ከዚያ አውራ ጣቷን አየች። የዳቦ ጋጋሪው ድጋሚ የተነሳውም በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ባልተጠረገ የማሽን መስታወት ነው። በየበሽተኛው መካከል መስታወቱን ጥረጊ ብላ ጀማሪዋን እንባዋ እስኪመጣ የምትቆጣው ራሷ ናት። መርፌው በጣቷ አሻራ ምክንያት ሊወጋ ነው፤ ማክሰኞ።

ሐሙስን በሙሉ ዝም ብላ ዋለች። አማቷ ስላልነበሩ መተኛት ትችል ነበር፤ ግን እንቅልፍ እምቢ አለ። ነገሩ ግልጽ ነው። ዝም ካለች ማሽኑ ይታሸጋል፤ ስሟ እንደ ወርቅ ያበራል፤ «ማሽኑ ነው ብላ ነበር» ይባልላታል፤ ከስድስት ወር በኋላ ማሽኑ ሲመለስ እሷም ትመለሳለች። ከተናገረች ካርድ ክፍል። ወጥመዱን የሠራችው ራሷ ናት፤ ምስማሩን እንኳ ከሰው አልተዋሰችም።

ማታ ባሏ ሻይ ሲቀዳላት ነገረችው። ዳቦ ጋጋሪውን ጭምር።

«ታዲያ ዳር ያዢያ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ስኳሩን ግን ራሱ ጨመረላት።

ዓርብ በማለዳ ዳቦ ጋጋሪውን ደውላ ጠራችው። «ትላንት ተኝተዋል?» ብላ ጠየቀችው፤ ሰውየው ለምን እንደምትጠይቀው ግራ ገብቶት «ይቅርታ» አላት። መስታወቱን ሁለቴ ጠረገች። የወጣው ሥዕል ዘጠኝ ነበር፤ ጠቆር ያለችው ነገር ድራሿ ጠፍቷል።

ኮሚቴው አራት ሰዓት ላይ ተሰበሰበ። ዳይሬክተሩ ስለ ትጋት አሥራ አምስት ደቂቃ ተናገረ፤ ሁለት አባላት በትጋት እንቅልፋቸውን ሲታገሉ ታዩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«እሺ፤ ማሽኑ ነው ብለሻል። ይታሸግ?»

«አይታሸግ» አለች።

«ምን?»

አይርገብገቡ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ማሽኑ ደህና ነው። ፍተሻው ላይ የደከመው የጄኔራሉ ዓይን ነው። በሽተኞቹ ላይ የደከመው ግን የኔ እጅ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያነሳኋቸውን ይዩአቸው፤ ማንም ሊያምናቸው አይገባም። ይህች ደግሞ ዶክተር...» አለችና ሁለቱን የዳቦ ጋጋሪ ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ «ውሃ አይደለችም። ጥላም አይደለችም። አውራ ጣቴ ናት።»

ሐኪሟ ወረቀቶቹን ወደ ራሷ ሳበች። መነጽሯን አስተካከለች። ለረጅም ጊዜ አየች።

ዳይሬክተሩ ግን ፊቱ በራ፤ ጥፋተኛ ከማግኘት የበለጠ የሚያስደስተው ነገር የለም፤ በተለይ ራሱን አሳልፎ የሰጠ ጥፋተኛ። «መልካም! እንግዲያው ጉዳዩ አልቋል። ባለሙያዋ ድክመቷን አምናለች፤ ወደ ካርድ ክፍል ትዛወራለች፤ ጀማሪዋ ስድስቱን ሌሊት ትቀጥላለች፤ ዓይን አይተኛምና።»

«እሷም ሰው ናት እኮ» አለች አይርገብገቡ። ጀማሪዋን ሰው ብላ ስትጠራት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «በሦስተኛው ሳምንት እሷንም እዚሁ ያስቀምጧታል።»

«ቃለ ጉባኤው ይፈረም» አለ ዳይሬክተሩ፤ የተጻፈውን ወረቀት ወደ ሐኪሟ ገፋ። ከስብሰባው በፊት ነበር የተጻፈው፤ «ማሽኑ» እና «ባለሙያዋ» የሚሉት ቃላት ጎን ለጎን ቆመው አንዱን መሰረዝ ብቻ ነበር የሚቀረው።

ሐኪሟ ወረቀቱን አነበበች። እስክሪብቶ ፍለጋ የመሰለ ነገር አደረገች፤ ከነጭ ጋዋኗ ኪስ ግን ያወጣችው ሌላ ነው። ከፍ አድርጋ፣ በእርጋታ፣ ጠረጴዛው እስኪደነግጥ መታችው።

«ይደገም።»

«ዶክተር! ይህ እኮ የሰው ዓይን ሥዕል አይደለም፤ የኮሚቴ ውሳኔ ነው!»

«ከስድስት በታች ነው» አለች ሐኪሟ። ንግግር እንደማባከን እየቆጠረችም ጨመረች፤ «እኔ ማክሰኞ የደህና ሰው ዓይን ልወጋ ነበር። አልወጋም፤ ይህች ሴት ስለተናገረች። ካርድ ክፍል ከገባች ቀጣዩ ሰው ይናገራል?»

ኮሚቴው ተንጫጫ፤ ሁለቱ ተኝተው የነበሩትም ነቅተው ከሐኪሟ ጋር ተስማሙ፤ የተስማሙት በምን ላይ እንደሆነ በኋላ ጠይቀዋል። ውሳኔው እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት ጊዜ ተደገመ። በመጨረሻ የወጣው እንዲህ ይላል፤ የሌሊቱ ሥራ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ ሁለቱ ባለሙያዎች ሳምንት ሳምንት ይፈራረቃሉ፤ ፍተሻው ላይ የሚቀመጥ ሰው ተኝቶ ይምጣ። መፈክሩ ግን አልወረደም። ዳይሬክተሩ በዚያች ብቻ ሊሸነፍ አልቻለም፤ «ዓይን አይተኛም!» እንደተሰቀለ አለ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላም ቁልፍ የዋለበትን በር እያየ።

አይርገብገቡ ከዚያ በኋላ ተለወጠች ቢባል ውሸት ነው። ጀማሪዋን አሁንም ስለ መስታወቱ ትቆጣታለች፤ ልዩነቱ መጀመሪያ የራሷን አውራ ጣት ሸሚዟ ላይ መጥረጓ ነው። ቀይ ማኅተም ያረፈበትን የዳቦ ጋጋሪውን ወረቀት ደግሞ ከስክሪኑ ጎን ለጥፋዋለች። ለሚጠይቃት ሁሉ «የጀማሪዋ ነው» ትላለች፤ ጀማሪዋ ስትሰማ ግን «የኔ ነው» ብላ ታስተካክላለች።

አማቷም ተመልሰዋል። ልጃቸው ያለ እሳቸው የተሻለ ትተኛለች ተብሎ ነው።

በመጀመሪያው የቀን ተራዋ ጄኔራሉ ታጥቦ፣ የልጅ ልጆቹን ለጎረቤት አስረክቦ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቶ መጣ። አገጩን አስቀመጠ። እንደ ልማዱ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ካፖርቱን ወጥሮ ጠበቀ። አይርገብገቡ ስክሪኑን አየች፤ እንባው ከዳር መድረቅ ጀምሯል። ለአሥራ አንድ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ዓይን ያደረቀችው በአንዲት ቃል እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባት።

«ጄኔራል» አለች።

«አቤት?»

«ይርገብገቡ።»

ጄኔራሉ አልተነቃነቀም። ጆሮው የከዳው መስሎታል።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ሁለቴ ይርገብገቡ። ከዚያ ነጥቧን ይዩ።»

ጄኔራሉ እንደታዘዘው፣ እንደ ወታደር፣ ሁለቴ ተርገበገበ። ነጥቡ ጥጉ ላይ ብቅ አለ። አይርገብገቡ መዝገቡ ላይ አሥር ብላ ጻፈች፤ ከፊርማው አጠገብ በእስክሪብቶ ያሰመረችው አዲስ ጠባብ ዓምድ ውስጥ ደግሞ «ተኝቷል» አለች።

ጄኔራሉ ይህን ጊዜ ፊሽካውን ሲነፋ እጁን አልያዘችውም።